የአባባ ወዳጆች

ሰባት ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ወራት ሲቀሩኝ ቤታችን ጎማ አወጣ።

ከዚያ በፊት እንደማንም ሰው ቤት መሬት ላይ የተቀመጠ ነበር። ኮልፌ፣ ከአየር ጤና አስፋልት ወረድ ብሎ፣ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት፣ አንድ የኮክ ዛፍና እንቢ ብሎ የማይዘጋ የአጥር በር። በ1970 ዓ.ም. ኅዳር ሲገባ አባባ «ገጠር ሥራ አግኝቻለሁ፤ ሁላችንም ነው የምንሄደው» አለና ፍራሹን፣ የላምባ ምድጃውን፣ ሁለት ጀሪካን፣ እናቴንና እኔን ጭነት መኪናው ላይ ጫነን። አባባ ሹፌር ነው። መኪናው አሮጌ ኤንትሬ ፊያት ሲሆን ከእኔ በዕድሜ ይበልጣል፤ ጠዋት ጠዋት ሲነሳ እንደ ሽማግሌ ሳል ያጣድፈው ነበር።

እማዬ ከደጅ ቆማ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች።

«ሰብስቤ ሲመጣ በሩን ማን ይከፍትለታል?»

«ካሳነሽ አለች አይደል? ጎረቤት ለምኑ ነው?» አለ አባባ፣ ገመድ እያጠበቀ።

ሰብስቤ ታላቅ ወንድሜ ነው። አሥራ ስምንት ዓመቱ፣ አሥራ አንደኛ ክፍል። ጥቅምት ላይ ጠመንጃ የያዙ ሰዎች መጥተው ከራት ላይ ወስደውታል። «ለጥያቄ ነው፤ ይመለሳል» ስላሉ እኔ ብዙም አልተጨነቅሁም። ወንድሜ ጎበዝ ነበር፤ የሚያቅተው ጥያቄ ያለ አይመስለኝም ነበር። እማዬ በየቀኑ ምሳ በሳህን ቋጥራ ወደታሰረበት ትሄዳለች፤ ባዶ ሳህን ይዛ ትመለሳለች። መብላቱ በዚህ ይታወቅ ነበር።

ከዚያ አንድ ማታ መኪናችንም ከነአባባ ተወሰደ። «ለአብዮቱ ሥራ ለአንድ ሌሊት ይፈለጋል» ነበር የተባለው። ጠዋት ሁለቱም ተመለሱ። መኪናው ግቢ ቆመ፤ አባባም አጠገቡ ቆመ፤ ቁርስ ሲሉት አልገባም። በዚያው ቀን እማዬ ምሳውን ሳይነካ መልሳ አመጣችው። «ተዛውሯል» ተብላለች።

«ተዛውሯል ካሉ ተዛውሯል ነው» አለ አባባ። «የመንገድ ሥራ ላይ ነው መሰል። በጅማ በኩል።»

ያንን ምሳ እኔ በላሁት። ምስር ነበር።

በማግስቱ አባባ መኪናውን ወደ ወንዝ አውርዶ ማጠብ ጀመረ። ይሄ ካልሲውን አጥቦ የማያውቅ ሰው ነው። ያ መኪና ከሰል ጭኖ፣ በግ ጭኖ፣ ቆዳ ጭኖ አንድ ባልዲ ውሃ አፍስሶለት አያውቅም። አሁን ግን በአመድ፣ በአሸዋ፣ በበረኪና፣ ሦስት ቀን ሙሉ ፈተገው። እኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አየዋለሁ። ለምን እንደሆነ ገባኝ፤ ልንኖርበት ነዋ! እማዬ ደግሞ ቆሻሻ አትወድም።

በሦስተኛው ቀን እማዬ ራሷ መጣች። የጭነቱ ቦታ ላይ ወጥታ ብሩሹን ከእጁ ወሰደችና፣ ከጋቢናው የኋላ መስኮት ሥር ባለው ማዕዘን ተንበረከከች። ሌላውን ቦታ አልነካችም። እዚያችው ብቻ ስትፈትግ ቆይታ፣ በጣቷ ከሁለት ጣውላ መካከል አንድ ነገር ፈልቅቃ ስታወጣ አየኋት። እጇን ጨበጠች።

«ምን አገኘሽ?» አለ አባባ ከታች።

«እሾህ» አለችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እማዬ ማተቧ ላይ አንድ ቡናማ የልብስ ቁልፍ ታንጠለጥል ጀመር። ምንድን ነው ብዬ ስጠይቃት «ለጥርስ ሕመም ነው» አለችኝ። ጥር ላይ የፊት ጥርሴ ሲነቃነቅ ለእኔም ቁልፍ እንዲታሰርልኝ ሳለቅስ ውዬአለሁ።

ምን አለፋችሁ፣ መኪና ላይ መኖር ደስ ይላል። ሸራው ጣሪያችን ነው፤ በጎን ያለው ጣውላ፣ ሹፌሮች ስፖንዳ የሚሉት፣ ግድግዳችን። ልብስ ስፖንዳው ላይ ይሰጣል። ከጎማው ሥር ድንጋይ ሲደረግ ቤት ደረስን ማለት ነው፤ ድንጋዩ ሲነሳ ጎረቤት ተቀየረ ማለት ነው። እኔና እማዬ ከኋላ ፍራሹ ላይ እንተኛለን፤ አባባ ጋቢና ውስጥ። አንድም ቀን ከኋላ መጥቶ አልተኛም። ሌባ ሊጠብቅ ነው እል ነበር።

ኬላ ላይ ወታደሮች ያስቆሙናል።

«ምን ጫንክ?»

«ቤት» ይላል አባባ።

አንዱ ወታደር ሸራውን ገልጦ እማዬ ሽንኩርት ስትከትፍ ሲያይ «ይሄ ሰውዬ እውነቱን ነው!» ብሎ ሳቀ፤ ወረቀቱን እንኳ በደንብ ሳያይ አሳለፈን።

ሥራ በየመንገዱ አለ፤ ሁሉም ግን የጥቂት ቀን ነው። በቾ ሜዳ ላይ ለአንድ የገበሬ ማኅበር ጭድ አመላለስን፤ አምስት ቀን። ወልቂጤ ግድም ለድልድይ ጥገና ድንጋይ፤ ስምንት ቀን። እማዬ እንደደረስንበት ታበጥራለች፣ በርበሬ ትቀነጥባለች። ወደፊት የሚኬደው በጅማ መንገድ ስለሆነ፣ ሰብስቤ ደግሞ በጅማ በኩል ነው ስለተባለ፣ በየቀኑ ወደ ወንድሜ እየቀረብን እንደሆነ ቆጥሬዋለሁ። መንገድ ላይ አካፋ የያዘ ሰው ባየሁ ቁጥር በመስኮት ብቅ እል ነበር።

ይህንን ሁሉ በዝርዝር የማስታውሰው ግን ስለ ሥራው አይደለም፤ ስለ አባባ ወዳጆች ነው።

ጋቢናው ውስጥ ፀሐይ የሚከልለው ክዳን ሲወርድ፣ በጀርባው በእርሳስ የተጻፈ ነገር ነበር። የቄስ ተማሪ ነኝና እያንዳንዱን ፊደል ገጣጥሜ አነበብኩት። ስሞች ናቸው። ከእያንዳንዱ ስም ጎን የአገር ስም አለ። ቀለመወርቅ፣ ቱሉ ቦሎ። ሰብሌ፣ ወሊሶ። ሌሎችም አራት። ከሁሉም ታች ደግሞ፣ አገር ሳይጻፍለት፣ ሰብስቤ።

«እነዚህ እነማን ናቸው?»

«ወዳጆቼ ናቸው» አለ አባባ። «መንገዴን ሳልፍ ልጠይቃቸው ነው። እንዳልረሳ ጻፍኳቸው።»

«ሰብስቤስ?»

መሪውን ይዞ ትንሽ ነዳ።

«እሱ መጨረሻ ነው» አለኝ።

ለእኔ ከዚህ የሚበልጥ የምሥራች አልነበረም። ስድስት ወዳጅ፣ ከዚያ ሰብስቤ። ቁጥር ደግሞ እችላለሁ።

የመጀመሪያው ቀለመወርቅ ነበር። ከቱሉ ቦሎ ትንሽ መለስ ብለን አደርን። በዋዜማው አባባ አመሻሹ ላይ ወደ መንደሩ ብቻውን ሄዶ ተመለሰና «ነገ ጠዋት ወዳጅ እጠይቃለሁ» አለ። እማዬ ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ስንዴና ሽምብራ ለቅማ ዘፈዘፈች። ጎህ ሳይቀድ ላምባ ምድጃው ላይ ንፍሮ ቀቀለች፣ በጨርቅ ቋጠረች፣ ሰጠችው። ተቀበላት። አልጠየቃትም፤ አልነገረችውም። ስድስቱንም ጊዜ እንደዚሁ ነበር። እኔ ወዳጅ ጋ ንፍሮ ይዞ መሄድ ትንሽ ንፉግነት መስሎኝ፣ ለምን ዳቦ አትገዛም እል ነበር።

አባባ ኩታውን አዘቅዝቆ ለበሰ። በችኮላ ነው ብዬ አሰብኩ። እማዬ ያቺ የአንገትጌዬን መታጠፍ ከሩቅ የምታይ ሴት፣ እያየችው አላስተካከለችለትም።

ከመንደሩ ሁለት ሽማግሌዎች መጥተው አብረውት ሄዱ። እኔ ከጋቢናው መስታወት ኋላ ሆኜ አያለሁ። አንድ ደሳሳ ቤት ደረሱ፤ አንኳኩ። አንዲት ሴትዮ ወጡ፤ ወይዘሮ ዋጋነሽ የሚባሉ የቀለመወርቅ እናት እንደሆኑ በኋላ ሰምቻለሁ። ቀለመወርቅ ራሱ አልነበረም። አባባ ኮፍያውን አወለቀ። ገና ሁለት ቃል እንኳ የተናገረ አይመስለኝም፣ ሴትዮዋ ነጠላቸውን ጠቅልለው አፋቸው ውስጥ ጎሰጎሱት። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሁለቱ ሽማግሌዎች ግራና ቀኝ ያዟቸው። ጎንበስ አሉ፣ ቀና አሉ፣ ጉልበታቸውን መቱ፤ ድምፅ ግን የለም።

ይሄንን ነገር አውቀዋለሁ። የኔታ ሲያንቀላፉ ቄስ ትምህርት ቤት የምንስቀው እንደዚሁ ነው፤ ነጠላ አፍ ውስጥ ከቶ፣ እስኪጨንቅ ድረስ። እንግዲህ አባባ እዚህ ድረስ የሚያስቅ ሰው መሆኑን ቤት ውስጥ አሳይቶን አያውቅም። ቅር አለኝ።

በዚያ ዓመት በሰፈራችን ማልቀስ ክልክል ነበር። ድንኳን አይጣልም፤ ደረት አይመታም፤ ያለቀሰ ለማን እንዳለቀሰ ይጠየቃል። ልጅነቴ በዚያ ላይ ስለወደቀ፣ አፍኖ ማልቀስ ምን እንደሚመስል ከማወቄ በፊት አፍኖ መሳቅን አውቅ ነበር።

አባባ ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል። ጋቢና ገብቶ ክዳኑን አወረደና አውራ ጣቱን በምራቁ አርሶ «ቀለመወርቅ» የሚለውን አጠፋው።

«ሳቁ አይደል?» አልኩት።

ሞተሩን አስነሳ። «አዎ» አለኝ።

ለሁለተኛዋ ወዳጅ፣ ለሰብሌ፣ እኔም ካልሄድኩ ብዬ አለቀስኩ። አባባ እንቢ አለ። ስለዚህ ቀድመው ከሄዱ በኋላ ከመኪናው ወርጄ በእንሰቱ መካከል ተከተልኳቸው። ከወሊሶ ወጣ ያለ ቀበሌ ነበር። አሁንም ሰብሌ ራሷ የለችም፤ የወጡት አባቷ ናቸው። አቶ ነገሬ ይባላሉ፤ ረዥም፣ እንደ አጥር እንጨት ቀጥ ያሉ ሽማግሌ። እሳቸው አልሳቁም። አባባ ሲያወራ እስኪጨርስ ቆመው ሰሙት። ከዚያ እጁን ያዙና አንድ ነገር ጠየቁት።

«ውሃ ጠጥታ ነበር?»

«ጠጥታለች» አለ አባባ። «ውሃ ስጡን አሉኝ፤ በጀሪካን በመስኮቱ አቀበልኳቸው። ሁሉም ጠጥተዋል።»

«የትኛው ጀሪካን?»

አባባ ወደ መኪናው አየ። ሽማግሌው እጁን ሳይለቁ ወደ መኪናችን ይዘውት መጡ። እኔ ሮጬ ቀደምኳቸው። እማዬ ሸራው ሥር ቆማ ነበር። አባባ ወደ ጀሪካኑ በአገጩ አመለከተ። አቶ ነገሬ ቀርበው አፉን በመዳፋቸው ጠረጉት፤ ቆሻሻ እንደሚጠርግ ሰው ሳይሆን የሕፃን አፍ እንደሚጠርግ ሰው።

«ልጄ፣ ከዚህ ውሃ ስጪኝ» አሉኝ።

ቤታቸው ውሃ የለም ይሆን ብዬ አዘንኩላቸው። በጣሳ ቀዳሁላቸው። ቆመው ጠጡ፣ እስከ መጨረሻው ጠብታ። ጣሳውን መለሱልኝና «ገላቶሚ» አሉኝ፤ በኦሮምኛ አመሰግናለሁ ማለት ነው። ከዚያ ወደ እማዬ ዞረው ጎንበስ አሉ፤ እሷም ጎንበስ አለች። እንዲያ ሆነው ቆዩ፤ ቀድሞ ቀና የሚል ጠፋ። እማዬ ያን ቀን ከዚያ ጀሪካን ውሃ አልቀዳችም። በማግስቱ ግን ቀዳች፤ ምን ታድርግ፣ ሁለት ብቻ ነው ያሉን።

አሁን ስጽፈው ቀላል ነው። ያኔ ግን «ስጡን አሉኝ» ያለውን ሰምቼ፣ አባባ ሰብሌንና ጓደኞቿን የሆነ ቦታ ሸኝቷቸው ኖሯል ብዬ ተረዳሁ። አልተሳሳትኩም። ሸኝቷቸዋል።

ጥር ላይ ጎማ ፈነዳና፣ ለማሠራት በትርፉ ጎማ ጭድ ጭነን ወደ አዲስ አበባ ተመለስን። አየር ጤና ስንደርስ ጎሚስታው ዘግቷል።

«ቤቴን አየት አድርጌ ልምጣ» አለች እማዬ። ከዚያ ቤታችን የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው።

«መሽቷል፤ ነገ» አለ አባባ።

ጎሚስታው በር ላይ አደርን። ጠዋት በጊዜ ጎማው ተሠራ። አባባ ውሃ ሲጨምር እኔ ጋቢና ተቀምጬ ነበር፤ እማዬ ከኋላ። ያኔ ነው በጭጋጉ ውስጥ አራት ሰዎች ሲመጡ ያየሁት፤ ሁሉም ኩታ ለብሰዋል። ከፊት ጋሼ ወልደ አማኑኤል ናቸው፣ የዕድራችን ዳኛ። ከኋላ እትዬ ካሳነሽ፣ ነጠላዋን ደረቷ ላይ አጣምራ። መኪናችንን ማታ አይታው ኖሯል። የወንድሜን ነገር ማን እንደነገራቸው ግን እስከዛሬ አላውቅም፤ በዚያ ዘመን የሚነግር ሳይኖር የሚታወቅ ብዙ ነገር ነበር።

አባባ አያቸው። ባልዲውን ጥሎ ዘሎ ጋቢና ገባ። መኪናው ግን የጠዋት ሳሉ ያዘው። አንዴ፣ ሁለቴ፣ አልነሳም አለ። ጋሼ ወልደ አማኑኤል ደርሰው የበሩን እጀታ ያዙ።

«ሀብተሥላሴ! አንድ ጊዜ፣ ወንድሜ።»

«ቸኩያለሁ ጋሼ!»

«ለዚህ አይቸኮልም። ውረድ። እኛ እንንገራት፣ አንተ ምንም አትበል...»

መኪናው ተነሳ። አባባ ማርሽ አስገባ። ጋሼ እጃቸውን ለቀቁ፤ ጥቂት እርምጃ አብረውን ሮጡ። ሽማግሌ ሲሮጥ አይቼ ስለማላውቅ በሳቅ ሞትኩ። እትዬ ካሳነሽ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጭና ቆማለች። እጇን የምታውለበልብልኝ መስሎኝ እኔም አውለበለብኩላት።

ዓለም ገና ላይ ቆመን እማዬ ወደ ጋቢና መጣች።

«እነማን ነበሩ?»

«የዕድር ሰዎች ናቸው። ስብሰባ አለ ብለው ነው።»

«በዚህ ጠዋት?»

«የዘንድሮ ስብሰባ መች ሰዓት አለው?»

«ኩታ ለብሰው፣ ለስብሰባ» አለች እማዬ። ጥያቄ አልነበረም። ከሸራው ኋላ ሆና ሁሉንም አይታለች።

መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ፣ በር ተንኳኩቶ ነው። ሰው ይሰበሰባል፤ ሽማግሌ ይቀድማል፤ ጎረቤት የሚወድቀውን ለመያዝ ይቆማል። ይህ ሁሉ እንዲሆን ግን አንድ የቆመ ቤት ያስፈልጋል። አባባ የሰው በር እያንኳኳ ሳለ የራሱን በር ጎማ ላይ ጭኖ ይሸሽ የነበረው ለዚህ ነው። እማዬን ማንም እንዳያገኛት። ትላንት ተፍኪ፣ ዛሬ ወልቂጤ የሚያድር ሰው መርዶ አይደርሰውም ብሎ አስቦ ነበር። ለሹፌር መጥፎ ሐሳብ አይደለም።

ስሞቹ አንድ በአንድ ጠፉ። ንፍሮው በየጊዜው ተቀቀለ። የካቲት ላይ፣ ጊቤን ተሻግረን ሰኮሩ አካባቢ ቡና ለማመላለስ ሄድን። እዚያ የነበረው ስድስተኛው ወዳጅ ነው። አባባ ከሱ ቤት ሲመለስ ስሙን አጠፋና ጋቢና ውስጥ መሪው ላይ ግንባሩን ደፍቶ ቆየ። ማታ ክዳኑን አውርጄ አየሁ። ሰብስቤ ብቻ ቀርቷል።

ሮጬ ሄጄ ለእማዬ ነገርኳት። እሷ ቡና ሲለቅም የዋለ እጇን በጨው ውሃ ነክራ ተቀምጣለች።

«እማዬ፣ የአባባ ወዳጆች አለቁ! አንድ ብቻ ነው የቀረው። ማን እንደሆነ ገምቺ!»

«ማነው?»

«ገምቺ እንጂ!»

«አንቺ ንገሪኝ።»

«ሰብስቤ! ጋቢናው ላይ ተጽፏል፤ ራሴ ነኝ ያነበብኩት። አባባ እሱ መጨረሻ ነው ብሎኛል።»

እማዬ እጇን ከውሃው አወጣች። አላደረቀችውም፤ ውሃው በክርኗ ይወርዳል። ረዥም ጊዜ አየችኝ።

«ፊደሉን በደንብ ነው ያነበብሽው?»

«ሰ፣ ብ፣ ስ፣ ቤ» አልኳት።

«ጎበዝ» አለችኝ። «በይ ተኚ። ነገ እንግዳ አለብን።» ተነስታ ስንዴውን አወረደች።

አባባ ከሸመገለ በኋላ፣ እማዬም ካለፈች በኋላ፣ የዚያችን ሌሊት ነገር ቤቴ ተቀምጦ ነግሮኛል። ከኋላ የተጫኑት ሰባት ነበሩ። ጠመንጃ የያዘ ሰው ከአባባ ጎን ጋቢና ውስጥ ተቀምጧል። ስድስቱ በየተራ ወደ ኋላው መስኮት እየተጠጉ ስማቸውንና አገራቸውን ነገሩት፤ «ሹፌር፣ እናቴ ቱሉ ቦሎ ናት፣ ቀለመወርቅ በላት» እያሉ። የጠመንጃው ባለቤት ደክሞት ነበር መሰለኝ አልከለከላቸውም፤ ውሃውንም አልከለከለም። ሰባተኛው ግን ምንም አልተናገረም። ከመስኮቱ ሥር ማዕዘኑ ላይ ተቀምጦ፣ ጀሪካኑን ተቀብሎ ጠጥቶ፣ መልሶ አቀበለ። አንዲት «አባባ» የምትል ቃል ቢያወጣ ለሹፌሩም ቦታ ከኋላ እንደሚዘጋጅለት ያውቃል። ሲያቀብለው ጣቶቹ የአባቱን ጣቶች ነኩ። አባባ እጁን እያሳየኝ «እዚህ ጋ» አለኝ፤ ሌላ አልጨመረም።

ጠዋት የነቃሁት በንፍሮ ሽታ ነው። ሸራው በስተኋላ ተገልጦ ሰማዩ ገና ግራጫ ነው። እማዬ ያላትን አንድ ነጭ ቀሚስ ለብሳ፣ የነጠላዋን ጥለት ወደ አንገቷ አዙራ፣ ፍራሹ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች።

አባባ ፎጣ አንገቱ ላይ ጥሎ ውሃ ሊቀዳ መጣ። ድስቱን ሲያይ ቆመ።

«ንፍሮው ለማነው?»

«ዛሬ ወዳጅ አትጠይቅም?»

«የለም። አልቀዋል።»

«አንድ ቀርቷል» አለች እማዬ። «እሙ አንብባልኛለች።»

አባባ እኔን አየኝ። እኔ ፈገግ አልኩለት። እማዬ እጇን ወደ አንገቷ ሰዳ ማተቧን አወጣችና ቡናማውን ቁልፍ በሁለት ጣቷ ይዛ አሳየችው።

«እሾህ አልነበረም» አለችው። «የለበሰውን ሹራብ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ቁልፉንም የገዛሁት እኔ ነኝ።»

አባባ ስፖንዳውን ያዘ።

«ከዚያን ቀን ጀምሮ?»

«ከወንዙ።»

«አራት ወር ሙሉ! ለምን ዝም አልሽ?»

«አንተ እስክትነግረኝ።»

አባባ አፉን ከፈተ። እማዬ መዳፏን አነሳች።

«እንዲህ አይደለም» አለች። «ፎጣ አንጠልጥለህ አይደለም። የሰውን ሁሉ በር አንኳኩተህ በወጉ ነግረሃል። እኔም እናት ነኝ። በወጉ ንገረኝ።»

አባባ ወደ ጋቢናው ሄደ። ኩታውን ይዞ ወጣ። ከዚያ መንገዱን ይዞ ከእኛ ራቀ። እስከ መታጠፊያው ድረስ፣ እስኪያንስ ድረስ ሄደ። ሰብስቤን ሊያመጣው ነው አልኩ። ጫማዬን ፈልጌ አደረግሁ።

መታጠፊያው ላይ ቆመ። ኩታውን ገለበጠና አዘቅዝቆ ለበሰ። ኮፍያውን አወለቀ። ተመልሶ መምጣት ጀመረ፤ ቀስ ብሎ፣ አንገቱን ደፍቶ። በሌላው ጊዜ ሁለት ሽማግሌ ግራና ቀኝ ነበረው። አሁን ብቻውን ነው። ከኋላው ሰው ካለ ብዬ አንገቴን አስግጌ አየሁ። ጭጋግ ብቻ ነው ያለው።

መኪናው ጋ ደረሰ። ሸራው ክፍት ነው፤ ከወገቡ በላይ ይታየናል፤ እኛም እንታየዋለን። ቢሆንም እጁን አንስቶ የስፖንዳውን ጣውላ ሦስት ጊዜ አንኳኳ።

«ቤቶች» አለ።

«ማነው?» አለች እማዬ።

«ሀብተሥላሴ ነኝ።»

«ይግቡ» አለችው።

እኔም እንግዳ መጣ ብዬ ፍራሹ ላይ ጠጋ አልኩለት።